የማርቆስ ፈረስ

«ጎባጣው» እያልን የምንጠራው ኮረብታ በካርታ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አልነበረውም። ከሩቅ ሲያዩት ሸክም ያጎበጠው ሰው ጀርባ ይመስላል፤ ስሙን ያወጣንለት እኛው ነን። ሻምበላችን ኮረብታውን የያዘው በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ፣ በግንቦት ወር፣ አንድ ቀን ጎሕ ሲቀድ ነው። እኔ ኮረብታውን ከያዙት ሰዎች መካከል አልነበርኩም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ልጆች ስለ ጦር ሜዳ ሲጠይቁኝ ምሽግ ስለ መስበር እንዳወራላቸው ስለሚጠብቁ ነው። እኔ የነበርኩት የጋማ ከብት ቡድን ውስጥ ነው። ሥራችን በበቅሎና በአህያ ውኃና ጥይት ወደ ላይ ማድረስ፣ ስንመለስ ቁስለኛ ማውረድ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዎችና አሥራ አራት እንስሳት ነበርን። እኔ አስር አለቃ ነበርኩ፤ የቡድኑ መሪም እኔ ነኝ። የመኪናው መንገድ ከኮረብታው ሥር ካለው ደረቅ ሸለቆ አያልፍም። የውኃ ቦቴው ሲመሽ እዚያ ይደርሳል፤ እኛ በጀሪካን ቀድተን እንጭናለን፤ ሳይነጋ ወጥተን እንመለሳለን። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ እንደ ክርን ይታጠፋል። ከክርኑ በኋላ ያለው ሁለት መቶ እርምጃ ያህል መንገድ ከፊታችን ላለው ጦር ፊት ለፊት ይታያል። በጨለማ ችግር አልነበረውም። በቀን ግን ማንም አይሄድበትም።

ከአሥራ ሁለቱ አንዱ ማርቆስ ነበር። እኔ የሚዛን ተፈሪ ልጅ ነኝ፤ አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ ገበያው ዳር ሱቅ ከከፈተ በኋላ ነው የተወለድኩት። ማርቆስ ደግሞ የሸዋ ቤንች ልጅ ነው። የተገናኘነው ማሠልጠኛ ነበር፤ ሰልፍ ላይ ከኋላዬ ሲያወራ ሰማሁትና ዞርኩ።

«ሸዋ ቤንች ነህ?» አልኩት።

«በምን አወቅክ?»

«ከሱቃችን ጨው የሚገዙት ሰዎች እንዳንተ ነው የሚናገሩት።»

ሳቀ። ከዚያ በኋላ አልተለያየንም።

ከብት የሚያውቅ ሰው ነበር። በቅሎዎቻችን ከሰሜን የተገዙ ናቸው፤ ማርቆስ ግን የሚያዛቸው በቤንችኛ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «በአማርኛ የሰሙት ስድብ ብቻ ነው» አለኝ። «በማያውቁት ቋንቋ ስናገራቸው ስድብ አይመስላቸውም።» እውነቱን ነው፤ ለሌሎቻችን የሚቆሙ በቅሎዎች ለሱ ይሄዱ ነበር። ቁስል በጨው ውኃ ማጠብ፣ ያበጠ እግር ማሰር ያስተማረኝ እሱ ነው። «እግር ስትነካ በእጅህ ጀርባ ንካ። መዳፍህ ደንድኗል፤ ትኩሳቱን አይለይልህም» ይለኝ ነበር።

ቤቱ ስላለው ፈረስ ብዙ ጊዜ ያወራ ነበር። ፈረሱ ዳማ ይባላል፤ ቀለሙም ዳማ ነው። ዕድሜው የገፋ የኮርቻ ፈረስ ነው። አባቱ ከሞቱ በኋላ እናቱ ገበያም ቤተ ክርስቲያንም የሚሄዱት በሱ ነው። ኮረብታው በተያዘ በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ የጭነት ገመድ ስንፈትሽ፣ እጁን ከሥራው ሳያነሳ እንዲህ አለኝ።

«አለቃ፣ ብቀር ቤታችን ሄደህ አንድ ነገር ንገርልኝ። ዳማ ሸክም አያውቅም። ለጭነት እንዳይሰጡት።»

«ራስህ ትነግራቸዋለህ» አልኩት።

«እሺ። ካልሆነ ግን አንተ።»

በማግስቱ ቦቴው ሳይመጣ ነጋ። ጎማ ፈንድቶበት ነበር። ሸለቆው የደረሰው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ቀድተን እስኪመሽ ልንጠብቅ አሰብን። በሦስት ሰዓት ተኩል ሬዲዮው ተናገረ። የሻምበሉ አዛዥ ድምፅ ነበር።

«ቁስለኞች አሉብኝ። ከትናንት ጀምሮ አልጠጡም። አሁን ላክ።»

«ክርኑ በቀን ይታያል» አልኩ።

«አውቃለሁ። ላክ።»

አዛዡን አልወቅሰውም። ከላይ የነበረውን እሱ ያያል፤ እኔ አላይም። አራት ሰውና ስድስት በቅሎ ይበቃል ብዬ ወሰንኩ። ማን ይሂድ የሚለው ግን ከላይ አልመጣም። እኔ ነኝ የመረጥኩት። ማርቆስ፣ ካሳ፣ ደረጀ፣ ኡመር ብዬ ስማቸውን ጠራሁ። ማርቆስን የጠራሁት በቅሎዎቹ እሱ ከፊት ከሄደ ስለማይቆሙ ነው። ያኔ ትክክለኛ ምክንያት ነበር። ዛሬም ትክክለኛ ነው እላለሁ።

ማርቆስ ጀሪካኖቹን አንድ በአንድ ነቅነቅ አድርጎ ፈተሸ። «ግራጫዋን ከፊት ላድርጋት?» አለኝ።

«አድርጋት።»

በአራት ሰዓት ተነሡ። በአራት ሰዓት ከሃያ ክርኑ ጋ ደረሱ። የመጀመሪያው ሞርታር ከመንገዱ በታች ወደቀ። ሁለተኛው ከበላይ። እኛ ሸለቆው ውስጥ ሆነን እንቆጥር ነበር። ሦስተኛው መንገዱ ላይ ወደቀ። አቧራው ሲገለጥ ሦስት በቅሎዎች ይሮጡ ነበር፤ ወደ ላይ ነው የሚሮጡት። ካሳና ኡመር ከኋላቸው ነበሩ። ማርቆስና ደረጀ አልተነሡም።

ከጀሪካኖቹ ስድስቱ ኮረብታው ጫፍ ደረሱ፤ አንዱ ተበስቶ ግማሽ ሆኖ ነበር። ኮረብታው አልተለቀቀም። ጀንበር እንደጠለቀች ከሁለት ሰዎች ጋር ወጥቼ ሁለቱንም በቃሬዛ አወረድናቸው። የማርቆስ ፊት ላይ አቧራ እንጂ ቁስል አልነበረም።

ጦርነቱ ካበቃ በኋላ በዓመቱ ተሰናብቼ ሚዛን ገባሁ። ያኔ ዩኒቨርሲቲው አልተከፈተም፤ ከተማው እንዳሁኑ አልሰፋም፤ ሰው ከገበያ እስከ ቤቱ በእግሩ ነው የሚሄደው። የአባቴን ሱቅ ያዝኩ። ሸዋ ቤንች ከሚዛን በመኪና አንድ ሰዓት አይሞላም። እኔ ግን አንድ ወር ሙሉ አልሄድኩም። ዛሬ ነገ እያልኩ፣ ዕቃ መጣ፣ ዝናብ ዘነበ እያልኩ ቀረሁ። ጥይት ባለበት ተመላልሻለሁ፤ ያንን የአንድ ሰዓት መንገድ ግን ፈራሁት።

በሐምሌ ወር አጋማሽ አንድ ሰውዬ ጨው ሊገዛ መጣ። ብዙ ነው የጠየቀው።

«ለከብት ነው?» አልኩት።

«ለፈረስ እግር ነው። በሙቅ ውኃ ልንዘፈዝፈው ነው። የእህቴ ልጅ ፈረስ ነው፤ ልጁ ዘምቶ ቀርቷል።»

እጄ ሚዛኑ ላይ ቀረ። «ዳማ?» አልኩ።

ሰውየው የማርቆስ አጎት አቶ ዘለቀ ነበሩ። ነገሩን እዚያው ቆመው ነገሩኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት የማርቆስ እናት ከገበያ ሲመለሱ፣ የግንድ ድልድዩ በዝናብ ረጥቦ፣ የፈረሱ የግራ የፊት እግር በሁለት ግንድ መሃል ገባ። እናትየው የወደቁት ጭቃ ላይ ስለሆነ ተረፉ። ፈረሱ ግን ያነክሳል። ለቴፒ ሰው ሊሰጡት ተስማምተዋል፤ ሰውየው ቅዳሜ መጥቶ ይወስደዋል።

«ለምን ሥራ?» አልኩ።

«ቡና ሊያስጭነው። ሌላ ምን ይሠራለታል?»

ቀኑ ሐሙስ ነበር። በማግስቱ ሱቁን ለእህቴ ትቼ ሄድኩ።

ከመኪና ወርጄ ግማሽ ሰዓት በእግሬ ተጓዝኩ። ቤቱ በቡናና በእንሰት የተከበበ ነው፤ እጅ የሚያህል ሣር የሚበቅልበት ባዶ ቦታ የለም። ፈረሱ ከአቮካዶ ዛፍ ሥር ታስሯል፤ የግራ እግሩን አንሥቶ በጫፉ ብቻ ነው መሬት የሚነካው። አንዲት ቀጭን ሴት የተቆረጠ የእንሰት ቅጠል እያቀረቡለት ነበር። እማማ ማርታ ናቸው። ቀና ብለው የለበስኩትን የወታደር ካፖርት አዩት።

«አንተ ማነህ?»

«ከማርቆስ ጋር ነበርኩ እማማ። አለቃው ነበርኩ።»

አማርኛቸው አጭር አጭር ነው፤ ቃል አያባክኑም። «መጀመሪያ ፈረሱን እይ» አሉኝ።

ተቀመጥኩና እግሩን በእጄ ጀርባ ዳሰስኩት። ከጉልበቱ በታች ከኋላ በኩል ያለው ጅማት አብጧል፤ ይጋላል። አጥንቱን ከላይ እስከ ታች ፈተሽኩት፤ ደህና ነው። ዳማ ራሱን አዙሮ አሸተተኝ እንጂ አልተራገጠም። ሙቅ ውኃ ይቅር፣ ቀዝቃዛ ነው የሚሻለው አልኳቸው።

በርጩማ አወጡልኝ። እሳቸው መድረኩ ላይ ተቀመጡ።

«አሁን ንገረኝ» አሉ። «ከጦሩ የመጣ አንድ ልጅ ሞቷል ብሎኛል። እንዴት ብለው አያውቅም። አንተ ታውቃለህ።»

ነገርኳቸው። ቦቴውን፣ ሬዲዮውን፣ ክርኑን፣ ሰዓቱን። በመንገድ ላይ ሳለሁ የሚሻለውን አነጋገር ሳዘጋጅ ነበር፤ እሳቸው ፊት ስቀመጥ ግን ሁሉም ጠፋኝ። «እንዲላክ ያዘዘው ሌላ ነው፤ ስሙን የጠራሁት ግን እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ሌላ ሰው መጥራት እችል ነበር።»

እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ሰሙኝ።

«ውኃ ይዞ ነው የሞተው?»

«አዎ እማማ።»

«እሱስ ጠጥቶ ነበር?»

ለምን እሱን መረጥክ ይሉኛል ብዬ ነበር፤ ይረግሙኛል ብዬም ነበር። ለዚህ ጥያቄ አልተዘጋጀሁም። ጠጥቶ ነበር ማለት ቀላል ነው፤ አፌ ላይ መጥቶ ነበር።

«ጠዋት ለእያንዳንዳችን አንድ የኮዳ ክዳን ደርሶናል። ከዚያ በኋላ አልጠጣም። ቦቴው ያመጣው ሁሉ የላይኞቹ ነበር፤ ከሱ የቀመሰ የለም።»

ወደ ቡናው ዞሩ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ድምፅ ግን አላሰሙም። ብዙ ቆይተው በነጠላቸው ፊታቸውን ጠረጉና ተመለሱ። «ደህና ነገርከኝ» አሉ። «ሌላው ሰው ሁሉ ደስ የሚለኝን ነው የሚነግረኝ።»

የዚያን ጊዜ የማርቆስን አደራ ነገርኳቸው። ዳማ ለጭነት እንዳይሰጥ ማለቱን ሲሰሙ ተነሥተው ፈረሱ ዘንድ ሄዱ፤ አንገቱ ላይ እጃቸውን አድርገው በቤንችኛ አንድ ነገር ተናገሩት። ምን እንዳሉት አልጠየቅኩም።

እዚያው አደርኩ። ቅዳሜ በአራት ሰዓት የቴፒው ሰው በአይሱዙ መጣ። ነስሩ ይባላል፤ ወፍራም፣ ተጫዋች ሰው ነው። አቶ ዘለቀም አብረው መጡ።

«የኔ ሥራ ከባድ አይደለም» አለ ነስሩ። «እሸት ቡና ከማሳ እስከ ማጠቢያ ጣቢያ ነው። ቡናው ሊደርስ ነው፤ እስከዚያ እግሩ ይሻለዋል።»

«እናንተ ጋ ዝንቡ እንዴት ነው?» አልኩት።

ሰውየው አየኝ። ቆላው የገንዲ አገር ነው፤ ዝንቡ የነከሰው ፈረስ እየከሳ ይሞታል። «ምን ልዋሽህ» አለ፤ «አምና ሁለት በቅሎ በገንዲ ሞቶብኛል።»

አቶ ዘለቀ ተቆጡ። «ቃል ሰጥተናል! ሰው ከቴፒ ድረስ አስመጥተን ልንመልሰው ነው? ደግሞስ የሚያነክስ ፈረስ በምን ይቀለባል?»

«ዘለቀ» አሉ እማማ ማርታ፣ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ። «ልጁ የኔ ነበር። ፈረሱም የኔ ነው።»

ነስሩ ኮፍያውን አውልቆ ራሱን አከከ። «እማማ፣ የልጅዎ መሆኑን አልነገሩኝም» አለ። «ብትነግሩኝ ኖሮ በመንገዴ ጨው ይዤ እመጣለት ነበር። ይቅር፣ አልቀየምም።» የቀረበለትን ቆሎ ዘግኖ ሄደ። ከዚያ በኋላ በሚዛን ሲያልፍ ሱቄ ጎራ እያለ «ፈረሱ እንዴት ነው?» ይለኝ ነበር።

አቶ ዘለቀ ግን ወደ እኔ ዞሩ። «እንግዲህ አንተ ነህ የምታድነው።»

«እኔ ነኝ» አልኳቸው። እንደምችል አውቅ ነበር። በዚያ ኮረብታ ሥር ከዚህ የባሰ እግር አድነናል።

ከቤቱ በታች ቀዝቃዛ ወንዝ አለ። ጠዋትና ማታ ዳማን ወስደን እስከ ጉልበቱ እናቆመዋለን፤ ግማሽ ሰዓት ያህል። ስናወጣው እግሩን አድርቀን የወታደር ሽርጤን ለሁለት ቀድጄ እናስረዋለን። በሳምንት ሦስት ቀን እኔ እሄዳለሁ፤ በቀሩት ቀናት እማማ ማርታ ብቻቸውን ያደርጉታል። በመጀመሪያው ሳምንት ዳማ ውኃ ሲያይ ይፈራ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ገመዱን ስንፈታለት ራሱ ይቀድመን ጀመር። ሣር ከሩቅ እያጨድኩ በጆንያ ተሸክሜ አመጣለሁ። አቶ ዘለቀም ሁለት ሳምንት አኩርፈው ከቆዩ በኋላ አንድ ቀን ምንም ሳይናገሩ አንድ ሸክም ሣር አውርደው ሄዱ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም መጥቶ አየው። ወጣት ቢሆንም ሥራውን ያውቃል። «አጥንቱ ደህና ነው፤ የተጎዳው ጅማቱ ነው» አለ። «ጥሩ ይዛችሁታል። እስከ ኅዳር ማንም እንዳይቀመጥበት። ከዚያ በኋላም ለጥ ባለ ሜዳ ላይ ቀላል ሰው ይቀመጥበት እንጂ ዳገትና ሸክም አይሆንለትም።»

«እዚህ ዳገት ያልሆነ ምን አለ?» አሉ እማማ ማርታ።

ሐኪሙ ወደ ቡናው አየ። «ሣርም የላችሁም። ለሱ የሚሆነው ደጋው ነው። እዚያ አንዲት የጤና ረዳት አለች፤ ከመንደር መንደር የምትሄድበት ፈረስ ትፈልጋለች። ሲስተር አስቴር ትባላለች። ብትፈልጉ እነግራታለሁ።»

«የትም አይሄድም» አሉ እማማ። ሐኪሙ ማስታወሻውን አጥፎ ሄደ። እኔም አልተከራከርኩም።

ጥቅምት ሲያልቅ ዳማ አያነክስም ነበር። አንድ ጠዋት ከወንዙ ስንመለስ በአቮካዶው ሥር በሶምሶማ ተነሣ፤ አራት እርምጃ ሳይሄድ ገመዱ ያዘው። ዞሮ በሌላ በኩል ሞከረ፤ የቡናው ግንድ መለሰው። እማማ ማርታ በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

«ድኗል» አሉኝ በመጨረሻ። «ድኖ ግን የሚሄድበት የለውም። ለዚያች ሴት ንገር። ግን እኔም እሄዳለሁ፤ ሳላያት አልሰጥም።»

በኅዳር መጀመሪያ፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ተነሣን። ለጤነኛ ፈረስ የአንድ ቀን መንገድ ነው፤ እኔ ለሦስት ቀን ከፈልኩት። አርባ ደቂቃ ጉዞ፣ ሃያ ደቂቃ ዕረፍት አልኩ። በእያንዳንዱ ዕረፍት ላይ እግሩን በእጄ ጀርባ እፈትሻለሁ። እማማ ማርታ ሳቁብኝ። «ወታደር አደረግከን» አሉ። ያን ሁሉ ዓመት በጀርባው ላይ የሄዱ ሴት ሦስቱንም ቀን ገመዱን ይዘው ከጎኑ በእግራቸው ነው የተጓዙት። ልቀበልዎት ስላቸው እጄን በእጃቸው ይመልሱታል።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ገደማ አንድ የግንድ ድልድይ ጋ ደረስን። ዳማ ገና ሲያየው ቆመ። ጆሮው ወደ ኋላ ተኛ፤ ቆዳው ከትከሻው ጀምሮ ተርገፈገፈ። ሳብኩት፤ አልሄድም አለ። እንደገና ሳብኩት፤ ወደ ኋላ ሸሸና የዳነው እግሩ ድንጋይ ላይ ተንሸራተተ። እዚያ ቢጎዳ ሁሉ ነገር አበቃ።

«ተወው» አሉ እማማ። «ድልድዩን ይጠላል።»

እውነት ነው፤ ለምን ድልድይ? ሱሪዬን ሰብስቤ ወደ ታች ወረድኩና ወንዙን በዱላ ፈተሽኩት። ሃምሳ እርምጃ ዝቅ ብሎ ውኃው ተዘርግቶ ይፈሳል፤ ከጉልበት አያልፍም፤ ወለሉ ጠጠር ነው። እማማ በድልድዩ ተሻግረው በማዶ ቆሙና ጠሩት። እኔ ገመዱን ለቀቅ አድርጌ ከፊቱ ገባሁ። ዳማ ውኃው እግሩን ሲነካው ተረጋጋ፤ ለወራት ጠዋትና ማታ የቆመበት ነገር ነው። ራሱን ዝቅ አድርጎ አሸተተ። ከዚያ እኔን ቀድሞኝ ወጣ። እማማ ማርታ ግንባሩን ይዘው ሳሙት።

ሲስተር አስቴር ጤና ኬላው በር ላይ ነበረች። አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት፤ ዙሪያው ዓይን እስኪደክም ሣር ነው። ሰላምታ ሰጥታን ሳትቀመጥ ወደ ፈረሱ ሄደች።

«የትኛው እግር ነው? አይ፣ አትንገሩኝ» አለች። አራቱንም ዳስሳ የግራውን የፊት እግር ያዘች። «ይኸው። ጅማቱ ወፈር ብሏል። ያመዋል?»

«አሁን አያመውም። ዳገት ከወጣ ወይም ሸክም ከተጫነበት ግን ያመዋል» አልኳት።

«እኔ ሜዳ ለሜዳ ነው የምሄደው። ጭነቴም የክትባት ሳጥን ብቻ ነው። የበፊቱ ፈረሴ ጎረምሳ ነበር፤ ሁለቴ ጥሎኛል፤ ሁለተኛውን ጊዜ ክንዴን ሰብሮኛል። እኔ የምፈልገው ያደገ፣ የተረጋጋ ፈረስ ነው።»

ከዚያ የመረመሯት እማማ ማርታ ናቸው። በዝናብ የት ያድራል? አሉ፤ በረቱን አሳየቻቸው። ጣሪያውን ቀና ብለው አዩት፤ ወለሉን በእግራቸው ረግጠው ፈተሹት። ለሰው ታውሺዋለሽ? አሉ፤ አላውስም አለች። ሥራ ተለውጦሽ ብትሄጂስ?

«መልእክት እልክልዎታለሁ። መጥተው ይወስዱታል፤ ወይም አብረን ሌላ ሰው እንፈልግለታለን። እርስዎ ሳያውቁ ለማንም አልሰጠውም።»

«ግራ ጆሮውን አትንኪው፤ አይወድም» አሉ እማማ። ሲስተር አስቴር ይህን ስትሰማ ፈገግ አለች፤ መስጠታቸው መሆኑ ገብቷታል።

ኮርቻውን ጫንኩና እርካቡን ለቁመቷ አሳጠርኩላት። ከሰኔ ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም። ዳማ ስትወጣበት አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ዞሮ አያት፤ ከዚያ በዝግታ ሄደ። ሜዳውን አንድ ዙር ዞሩ። እግሩን ከሥር ከሥር አየሁ፤ አራቱም እኩል ያርፋሉ። እማማ ማርታ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ነበር። አላለቀሱም። «ሣሩን እይ» አሉኝ ብቻ።

በማግስቱ በመኪና ስንመለስ እማማ ማርታ በመስኮቱ በኩል ተቀምጠው ነበር። ግማሽ መንገድ ከሄድን በኋላ ጠየቁኝ።

«አብሮት የሞተው ልጅ፣ ደረጀ ያልከኝ፣ እናት አለው?»

«አለችው። ወላይታ ሶዶ ናት።»

«ሄደሃል?»

«አልሄድኩም።»

«ሂድ» አሉ።

ዳማ በዚያ ሜዳ ስድስት ዓመት ኖረ። እማማ ማርታ በየዓመቱ ጥምቀት ካለፈ በኋላ ይጎበኙት ነበር፤ ሁለት ጊዜ እኔ ወስጃቸዋለሁ። በመጨረሻው ዓመት ሲስተር አስቴር እሱን ለሣሩ ትታው በእግሯ ነበር የምትሄደው። አርጅቶ፣ ታሞ ሳይሰነብት፣ በረቱ ውስጥ እንደተኛ ሞተ ብላ ላከችብን።

የኛን ሙታን ልቁጠርና ልጨርስ። ከአሥራ አራቱ እንስሳት ስምንቱ አልተመለሱም። ከአሥራ ሁለታችን አምስቱ ቀሩ። ማርቆስ፣ ከሸዋ ቤንች። ደረጀ፣ ከወላይታ ሶዶ። በሳምንቱ ፈንጂ የረገጠው ሙላቱ፣ ከደብረ ብርሃን። ኮረብታውን ልናስረክብ አንድ ቀን ሲቀረን በመድፍ የሞተው አብዱ፣ ከጅማ። ቁስለኛ ሲያወርድ የተመታው ከበደ፣ ከነቀምቴ። አምስቱም ያንን መንገድ የወጡት ስማቸውን እኔ ስጠራ ነው።

የደረጀ እናት ዘንድ ሄጃለሁ። የሙላቱ አባት ዘንድም፣ የአብዱ ወንድሞች ዘንድም ሄጃለሁ። በገባሁበት ቤት ሁሉ የሆነውን እንዳለ ተናግሬያለሁ። አንዱ ቤት ከበር መልሰውኛል፤ መብታቸው ነው። ሌላው ቤት ሦስት ቀን አሳድረውኛል። በትእዛዝ ነው የሠራሁት፣ በሥራዬም አላፍርም፤ የታዘዝነውን አድርሰናል፤ በውኃው የዳኑ ሰዎች ዛሬ ልጅ አሳድገዋል። ቢሆንም ስም የጠራ ሰው ለቤተሰቡ ሄዶ ሊናገር ይገባል ብዬ አምናለሁ።

የከበደን ቤተሰብ አላገኘኋቸውም። ሁለት ጊዜ ነቀምቴ ሄጄ ሰፈሩን አጠያየቅኩ፤ ቤቱን ለቀው ከሄዱ ቆይተዋል አሉኝ። ከበደ ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነበር፤ ሲሠራ ያፏጫል። ይህን የሚያነብ የሱ ወገን ካለ፣ እኔ ሚዛን ገበያው ዳር ሱቅ ውስጥ ነኝ። በየትኛውም ቀን ብትመጡ የሆነውን ሁሉ እነግራችኋለሁ።